«ሳይንሱን ቶሎ ጨርሱት» ላሉን ጸሐፊ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቴ አሜሪካ ውስጥ ልጅን እንዴት ሐኪም ማድረግ እንደሚቻል የሚመክር አንድ ረዥም ጽሑፍ በቴሌግራም ላከችልኝ። ከሥሩ የድምፅ መልእክት አለ፦ «አንብበውና ለአክስትህ ልጅ አስረዳት፣ ዘንድሮ ኮሌጅ ገብታ የለ»። ለልጅቷ ደወልኩላት። ለካ ቀድማኝ አንብባዋለች። ማንበብ ብቻም አይደለም፣ በሱ መሠረት ተመዝግባለች። ባዮሎጂ፣ ጄነራል ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ካልኩለስና እንግሊዝኛ። ሲደመር 19 ክሬዲት። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሬገን ኤርፖርት ውስጥ ቡና ትሸጣለች፣ የጠዋቱን ፈረቃ። በሀበሻ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል የምትነሣ ልጅ ናት።

ይሄን ምላሽ የምጽፈው ለዚህ ነው። ጸሐፊው ክፉ ሰው አይመስሉኝም። ልጃቸው ሜዲካል ስኩል (የሕክምና ትምህርት ቤት) ገብቶላቸው፣ የሠራላቸውን መንገድ ለሌላው ለማካፈል የጻፉ ወላጅ ናቸው። ምክራቸው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ልጃችሁ ሐኪም እንዲሆን ባዮሎጂ ይማር፣ ሳይንሱን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ይጨርስ፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመቱን ኮሌጅ) እንዳይጠጋ፣ ከባዱን ኮርስ በሰመር ይውሰድ፣ ውጤቱ ዝቅ ካለ ይድገመው፣ የመጀመሪያው ይጠፋለታል፣ የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተናውን፣ ኤምካትን፣ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ይፈተን፣ ከኮሌጅ በኋላ አንድም ዓመት እንዳያባክን። መጨረሻ ላይ ስለ ፕሮፌሰሮች አንድ ነገር ብለዋል፣ እሱ ላይ እደርሳለሁ። ከሀገር ቤት ዲግሪ ይዘው ለመጡትም አንድ መስመር ጣል አድርገዋል።

እኔ አሁን ሜዲካል ስኩል ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ከነዚህ ምክሮች ውስጥ ሦስቱን ራሴ ላይ ሞክሬያቸዋለሁ። አንዱ ሁለት ዓመት አስከፍሎኛል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። የጽሑፉ ጥድፊያ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ወላጆቻችን የሚያውቁት የሀገር ቤቱን መንገድ ነው። በነሱ ጊዜ 12ኛ ክፍልን ትፈተን ነበር፣ ነጥብ ካመጣህ ጥቁር አንበሳ ወይ ጎንደር ወይ ጅማ ትመደብ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ሐኪም ለመሆን ማለፍ ብቻ ነበር የሚቀርህ። እዚያ ዋናው በር አንድ ነበር፣ አንዴ ነበር የምታንኳኳው። አሜሪካ ግን መጀመሪያ የአራት ዓመት ዲግሪ፣ ከዚያ ማመልከቻ፣ ከዚያ ሌላ አራት ዓመት። በሩ ላይ የሚቆሙት ሰዎች ደግሞ የሚያዩት ምን ያህል ቶሎ እንደደረስክ አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተጻፈብህን ሁሉ ነው የሚያዩት። የጸሐፊው ስሕተቶች በሙሉ ከዚህች ልዩነት ነው የሚመነጩት።

«ባዮሎጂ ካልተማረ አይገባም»

ይሄኛው ይቅለለን፣ ቶሎ እንለፈው። ሜጀር አይጠየቅም። የሚጠየቁት ኮርሶች ናቸው። በአብዛኛው ባዮሎጂ ሁለት ሴሚስተር ከነላቡ (ከነላቦራቶሪው)፣ ጄነራል ኬሚስትሪ ሁለት፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሁለት ወይም አንድ፣ ፊዚክስ ሁለት፣ ባዮኬሚስትሪ አንድ፣ ከዚያ እንግሊዝኛና ሒሳብ ወይም ስታቲስቲክስ። ትምህርት ቤቱ ሲለያይ ዝርዝሩም ትንሽ ይለያያል፣ ካልኩለስ የሚጠይቅም የማይጠይቅም አለ። የአሜሪካ የሜዲካል ኮሌጆች ማኅበር የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት መስፈርት የያዘ ማውጫ አለው፣ እዚያ ገብቶ ማየት ነው። ያው ማኅበር በየዓመቱ በሚያወጣው ሠንጠረዥ ላይ ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ቋንቋ ያጠኑ አመልካቾች የመግባት ዕድላቸው ከባዮሎጂ ተማሪዎች አያንስም። ባዮሎጂ የምትወድ ከሆነ ተማር። የማትወድ ከሆነ በእናትህ ፊት ለመታየት ብለህ አራት ዓመት አትሰቃይ።

«ሳይንሱን በሁለት ዓመት ጨርሱት፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ሦስቱንም ያዙ»

ዋናው ጠባችን እዚህ ነው። የአክስቴን ልጅ 19 ክሬዲት ያሸከማት ይሄ ነጥብ ነው።

መጀመሪያ፣ አይቻልም። ወይም በግድ ነው የሚቻለው። ኬሚስትሪው ሰንሰለት ነው፦ ጄነራል አንድ፣ ጄነራል ሁለት፣ ኦርጋኒክ አንድ፣ ኦርጋኒክ ሁለት፣ ባዮኬሚስትሪ። አንዱን ሳታልፍ ሌላውን አያስመዘግቡህም። አምስት ሴሚስተር ማለት ነው። በመጸውና በጸደይ ሴሚስተር ብቻ ከሄድክ የሚያልቀው በሦስተኛው ዓመት መጸው ላይ ነው። ይሄ መዘግየት አይደለም፣ የተለመደው ልክ ይሄ ነው። ከኮሌጅ እንደወጣ በቀጥታ መግባት የሚፈልግ ተማሪ ማመልከቻውን የሚልከው በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት መካከል ባለው ሰመር፣ ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ባዮኬሚስትሪውን በሦስተኛው ዓመት መጸው ወስደህ፣ በጸደዩ ለኤምካት ተዘጋጅተህ፣ በሰኔ ታመለክታለህ። ጸሐፊው «ሁለት ዓመት» ያሉትን ከየት እንዳመጡት አላውቅም።

ከዚህ የሚወጣው ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው። ሰንሰለት ያለው ኬሚስትሪው ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ሴሚስተር መጀመር ያለበትም እሱ ብቻ ነው። ፊዚክስ ማንንም አያስጠብቅም። ከፊዚክስ በኋላ የሚመጣ፣ ፊዚክስን ካልወሰድክ የሚዘጋብህ የፕሪሜድ (ለሜዲካል ስኩል የመዘጋጃ) ኮርስ የለም። በሁለተኛው ዓመት ውሰደው፣ በሦስተኛው ውሰደው፣ እንዲያውም ለኤምካት ቀረብ ቢል ትዝ ይልሃል። ባዮሎጂም በመጸው ካልተጀመረ በጸደይ ይጀመራል። ታዲያ የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ሦስቱንም መደርደር ምን ጥቅም አለው? «ቁጭ ብላ እየተማረች ነው» ለማሰኘት ካልሆነ።

ላብ የሚባለውን ነገር ደግሞ ጸሐፊው የረሱት ይመስላል። ላብ በወረቀት ላይ አንድ ክሬዲት ነው። በሰዓት ግን ሦስት ሰዓት መቆም ነው፣ ከዚያ ቤት ገብቶ ሪፖርት መጻፍ። ሦስት ሳይንስ ማለት ሦስት ላብ ነው፣ ማለትም በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ያህል መነጽር አድርጎ መቆም፣ ሪፖርቱን ሳይጨምር። ይሄን ቅዳሜና እሑድ ስምንት ስምንት ሰዓት ቆማ ቡና ከምትቀዳ ልጅ ላይ ጫኑት። የእሷን ሳምንት ቁጭ ብለን በወረቀት ላይ ስንሠራው ለጥናት የቀራት ረቡዕ ማታና ዓርብ ነበር። ኬሚስትሪ በዓርብ!

አሁን ሒሳቡን እንሥራው፣ ምክንያቱም ሰው የማያምነው እሱን ነው። ልጅቷ በዚህ አካሄድ የመጀመሪያውን ዓመት 36 ክሬዲት ወስዳ በ2.8 ጂፒኤ (ከ4.0 የሚሰላው አማካይ ውጤት) ጨረሰች እንበል። 2.8 ሀፍረት አይደለም፣ ከሥራ ጋር ሦስት ላብ ለያዘ ሰው ጎበዝ ነው። በ120 ክሬዲት ስትመረቅ 3.6 ለመድረስ በቀሩት 84 ክሬዲቶች ምን ማምጣት አለባት? 3.94። ያም ማለት ኦርጋኒኩን፣ ባዮኬሚስትሪውን፣ ፊዚክሱን ጨምሮ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኤ። ያቺው ልጅ ግን የመጀመሪያውን ዓመት 30 ክሬዲት ብቻ ወስዳ በ3.5 ብትጨርስ ከዚያ በኋላ የሚያስፈልጋት 3.63 ነው። እንደ ሰው እየኖረች የምታመጣው ቁጥር ነው ይሄ። የሚገቡት ተማሪዎች አማካይ ጂፒኤ በቅርብ ዓመታት ወደ 3.8 እንደሚጠጋ ስታውቁ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይገባችኋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላል ተረቱ። እዚህ ግን አፍሰህ የማትለቅመው ነገር አለ፣ ወደሱ ልለፍ።

«ዝቅ ያለ ውጤት ከመጣ ይድገመው፣ የመጀመሪያው ይጠፋል»

አይጠፋም።

ይሄን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት በእርጋታ አይደለም፣ ስለዚህ ታሪኩን ልንገራችሁ። ኦርጋኒክ አንድን የወሰድኩት በሰመር ነው (ሰመሩ ራሱ የጸሐፊው ሌላ ምክር ነው፣ አብሬ ልጨርሰው)። ያኔ ሌሊት ሌሊት ፓርኪንግ እሠራ ነበር። በሰመር አንድ ሙሉ ሴሚስተር፣ የ15 ሳምንት ትምህርት፣ በስድስት ሳምንት ይታጨቃል። ሰኞ የተማርከው ሜካኒዝም (የኬሚካል ለውጡ ደረጃ በደረጃ አካሄድ) ሐሙስ ይፈተናል። ኦርጋኒክ ደግሞ በሽምደዳ የሚገፋ ነገር አይደለም። ኤሌክትሮኑ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ በቀስት እየሳልክ እጅህ እስኪለምደው መደጋገም ነው፣ እጅ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። በፓርኪንጓ ዳስ ውስጥ፣ በትኬት ጀርባ ላይ ቀስት እየሳልኩ አንድ ሰመር አለቀ። ሲ ፕላስ መጣ።

ደንግጬ አድቫይዘሬ፣ የትምህርት አማካሪዬ፣ ዘንድ ሄድኩ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፣ ሰውየውም ደግ ሰው ነበሩ። «ችግር የለም፣ ድገመው፣ አዲሱ ውጤት አሮጌውን ይተካዋል» አሉኝ። በመጸው ደገምኩት። ኤ አመጣሁ። ትራንስክሪፕቴ (የኮሌጅ ውጤት ወረቀቴ) ላይ አየሁ፣ እውነትም ጂፒኤዬ ከፍ ብሏል፣ ሲ ፕላሷ ከሒሳብ ወጥታለች። ሰላም ነው ብዬ ተኛሁ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ማመልከቻ መሙላት ጀመርኩ። አብዛኞቹ የኤምዲ (የተለመደውን የሐኪም ዲግሪ የሚሰጡ) ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙበት አምካስ የሚባለው የማመልከቻ ሥርዓት ኮሌጅ የወሰድከውን እያንዳንዱን ኮርስ አንድ በአንድ ራስህ እንድትጽፍ ያደርግሃል። ቁጥሩን፣ ስሙን፣ ክሬዲቱን፣ ውጤቱን። የእናቴ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ፣ ትራንስክሪፕቱ ከአጠገቤ። ኦርጋኒክ አንድ ጋ ስደርስ መመሪያውን ከፈትኩ፦ የተደገመ ኮርስ ሁለቱም ይገባል፣ ሁለቱም ይቆጠራል። ኮሌጅህ የቱንም ያህል ቢደመስሰው አምካስ አይደመስሰውም። ለኮሌጄ 4.0 የነበረው ኮርስ ለአምካስ የ2.3 እና የ4.0 አማካይ ሆነ፣ 3.15። ያውም የሳይንስ ጂፒኤ ለብቻው ይሰላል። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና ሒሳብ ብቻ የሚገቡበት አንድ ቁጥር አለ፣ የኔ ጥፋት ደግሞ በቀጥታ እዚያ ውስጥ ነው የወደቀው። እናቴ «ምን ሆነህ ነው እንዲህ ደርቀህ የቀረኸው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። በዚያ ዓመት የትም አልገባሁም። በቀጣዩም ዓመት አላመለከትኩም፣ ከፍ ያሉ የባዮሎጂ ኮርሶች ወሰድኩ፣ ሠራሁ፣ ከዚያ ነው የገባሁት።

ጸሐፊውን ለመከላከል ያህል፣ ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም። የዲኦ (ኦስቲዮፓቲክ የሚባሉት፣ እነሱም ሐኪም የሚያስመርቁ) ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ እስከ 2017 ድረስ የተደገመውን በእርግጥ ይተካ ነበር። ያኔ ልጅ ያስገባ ሰው ይሄን ሊያስታውስ ይችላል። አሁን እዚያም ቀርቷል።

ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር፣ በተለይ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላሉ ወላጆች። ልጃችሁ 10ኛና 11ኛ ክፍል ሆኖ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚወስደው ኮርስም ይቆጠራል። ኮሌጅ የሰጠው ውጤት ስለሆነ ማመልከቻው ላይ ይገባል። 16 ዓመቱ ላይ «ነጻ ነው፣ ይሞክረው» ብላችሁ ያስመዘገባችሁት ሒሳብ፣ 22 ዓመቱ ላይ ሜዲካል ስኩል ደጃፍ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሞክር ማለት ጥሩ ነው። ብቻ መመዝገቡን እወቁ።

ታዲያ ሴሚስተሩ ሲበላሽ ምን ይደረግ? ቀኑ ሳያልፍ ኮርሱን መተው ነው። ትራንስክሪፕቱ ላይ ማቋረጥህን የምታሳይ አንድ ደብልዩ (W) ትቀመጣለች፣ ጂፒኤ ውስጥ ግን አትገባም። አንድ ደብልዩ ማንንም አታስደነግጥም። አራት አምስት ሲሆኑ ነው ጥያቄ የሚመጣው። እኔ በዚያ ሰመር ሦስተኛው ሳምንት ላይ ብተወው ኖሮ ይሄን ጽሑፍ ዛሬ አልጽፍም ነበር። ጓደኞቼ ፊት ማቋረጥ አፈርኩ፣ እውነቱ ያ ነው።

የሰመሩን ነገር ለመዝጋት፦ በሰመር ሶሲዮሎጂ ውሰዱ፣ ስታቲስቲክስ ውሰዱ፣ እንግሊዝኛ ውሰዱ። ሥራ የማይሠራ፣ ሌላ ኮርስ የሌለበት ልጅ ከሆነ ፊዚክስም ያስኬዳል። ኦርጋኒክን ግን ለመጸው ተዉት።

«ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አይጠጉ፣ ስሙ ያስንቃል»

ይሄን ሳነብ ደሜ ፈላ፣ ምክንያቱም የኛ ሰው ግማሹ እዚያ ነው። ሞንጎመሪ ኮሌጅ ታኮማ ፓርክ ግቢ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ብትገቡ አማርኛ ሳትሰሙ አትወጡም። የሰሜን ቨርጂኒያው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ኖቫ፣ አሌክሳንድሪያ ግቢም እንደዚያው። እውነት ነው፣ ቅድመ ሁኔታ የሆኑት ኮርሶች በአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቢወሰዱ የሚመርጡ ሜዲካል ስኩሎች አሉ። ግን ብዙዎቹ ይቀበላሉ። የሚፈልጉት ከትራንስፈር በኋላም ከፍ ያሉ ሳይንሶችን ወስደህ እንደምትችል ማሳየትህን ነው፣ ለምሳሌ ጄኔቲክስ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ሴል ባዮሎጂ። በዚያ ላይ ዋጋው። ከኮሌጅ ዕዳ ይዞ ሜዲካል ስኩል የገባ ሰው ምን ያህል እንደሚከብደው እኛ ክፍል ውስጥ ያሉትን ጠይቁ።

ይልቅ ጸሐፊው ሊያነሡት ይገባ የነበረ እውነተኛ አደጋ አለ፦ የኮርሶች ቅደም ተከተል አለመገጣጠም። አንድ ምሳሌ። በአብዛኞቹ ኮሌጆች ጄነራል ኬሚስትሪ አንድና ሁለት ተወስዶ ከዚያ ወደ ኦርጋኒክ ይገባል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ግን እንደዚያ አይደለም። እዚያ ከጄነራል አንድ በቀጥታ ወደ ሁለቱ ኦርጋኒኮች ትገባለህ፣ የጄነራሉ ሁለተኛ ክፍል የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ይሄን ሳያውቅ ግማሹን እዚህ ግማሹን እዚያ የወሰደ ልጅ አንድ ሴሚስተር ሲያስረዳና ወረቀት ሲያስፈርም ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ኦርጋኒክ አንድና ሁለትን በፍጹም በሁለት ትምህርት ቤት አትክፈሉ። ወይ ሁለቱንም ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጨርሳችሁ ሂዱ፣ ወይ ሁለቱንም ከተዛወራችሁ በኋላ ውሰዱ። ሜሪላንድ ውስጥ የትኛው ኮርስ በየትኛው እንደሚተካ የሚያሳይ አርትሲስ የሚባል ገጽ አለ፣ ቨርጂኒያም ትራንስፈር ቨርጂኒያ አላት። አድቫይዘር ቢነግራችሁም ራሳችሁ እዩት። ይሄን የምለው ለምን እንደሆነ ከላይ አንብባችኋል።

«ኤምካትን በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ»

አሁን ቁጥር እናውራ። ኤምካት አራት ክፍል አለው፣ እያንዳንዱ ከ118 እስከ 132 ይታረማል፣ ድምሩ ከ472 እስከ 528። የሚገቡት አማካይ 512 አካባቢ ነው። ባዮኬሚስትሪ ከሁለቱ የሳይንስ ክፍሎች የእያንዳንዳቸው ሩብ ያህል ነው። ሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ ባዮኬሚስትሪን ገና አልወሰድክም፣ ሰንሰለቱ አያደርስህማ! ጎበዝ ልጅ ለብቻው አንብቦ ሊሸፍነው ይችላል ትሉኝ ይሆናል። ይችላል። ግን ለምን? ውጤቱም ለዘላለም አይቆይም፣ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከሦስት ዓመት ያለፈውን አይቀበሉም፣ ሁለት ዓመት የሚሉም አሉ። ፈተናውን ቶሎ ወስደህ ማመልከቻህ ከዘገየ እንደገና ትቀመጣለህ። በዕድሜ ልክ ሰባት ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ሁሉም ሙከራህም ለትምህርት ቤቶቹ ይታያል።

ጸሐፊው «የሥነ ልቦናው ክፍል ኮመን ሴንስ ነው» ያሉትስ? ይሄ ክፍል በ2015 ፈተናው ሲለወጥ የተጨመረ ነው፣ 59 ጥያቄ፣ የጠቅላላ ነጥቡ ሩብ። ኮመን ሴንስ ቢሆን ኖሮ እናቴ 132 ታመጣ ነበር። ቃላቱን ካላወቅክ መልሱን እያወቅከው ትስተዋለህ። አንድ ሳይኮሎጂና አንድ ሶሲዮሎጂ ውሰድ፣ የመጀመሪያዎቹን ሴሚስተሮች ለማቅለልም የሚሆኑት እነዚህ ናቸው።

ካርስ የሚባለው የንባብ ክፍል ላይ ደግሞ አንድ ቃል አልጻፉም፣ የኛን ልጆች የሚጥላቸው ግን እሱ ነው። ዘጠኝ ምንባብ፣ 53 ጥያቄ፣ 90 ደቂቃ። ስለ ሥነ ጥበብ፣ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ ታሪክ። ምንም ኬሚስትሪ የለበትም። በ15 ዓመቱ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ፣ እንግሊዝኛው ለክፍል በቂ ነው፣ ፊዚክሱ እሳት ነው፣ እዚህ ጋ ግን ሰዓቱ ያልቅበታል። በሦስት ወር ክለሳ የሚያድግ ክፍል አይደለም። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ከባድ ከባድ ነገር ማንበብ ነው መፍትሔው፣ ለዚህ ደግሞ ከሦስተኛ ሳይንስ ይልቅ አንድ የፍልስፍና ወይም የሥነ ጽሑፍ ክላስ ይሻላል። እኔ የወሰድኳት አንዲት የፍልስፍና ክላስ ከፊዚክስ ሁለት የበለጠ ነጥብ ሰጥታኛለች ብል አላጋነንኩም።

«ከሀገር ቤት ዲግሪ ያላቸው አስተርጉመው ማመልከት ይችላሉ»

ይሄ አንድ መስመር ብቻ ናት፣ ግን በዲቪ የመጣ አንድ ዘመዴን ስድስት ወር አስጠብቃዋለች። ከኢትዮጵያ ያመጣኸውን ዲግሪ ማስገምገም ለሥራም ለኮሌጅም ይጠቅማል። አምካስ ግን የውጭ ሀገር ውጤትን ጂፒኤ ውስጥ አያስገባም፣ አብዛኞቹ ሜዲካል ስኩሎችም ቅድመ ሁኔታዎቹን አሜሪካ ወይም ካናዳ ውስጥ እንድትወስድ ይፈልጋሉ። ማለትም ከዜሮ ባትጀምርም ሳይንሶቹን እንደገና ትወስዳለህ። ጥሩ ጎኑ፣ ትምህርቱን ታውቀዋለህ። ኤ የማምጣት ዕድልህ ከ18 ዓመቱ ልጅ የተሻለ ነው።

«አንድም ዓመት አያባክኑ»

ዛሬ ከሚገቡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በኮሌጅና በሜዲካል ስኩል መካከል ቢያንስ አንድ ዓመት አላቸው። እኔ ክፍል ውስጥ በቀጥታ የገቡት ጥቂት ናቸው፣ እነሱንም የምናውቃቸው ሁሌ ስለምንገረምባቸው ነው። አንድ ዓመት ስክራይብ ሆኖ ሐኪሙን ተከትሎ መጻፍ፣ ወይ ላብ ውስጥ መሥራት፣ ወይ የነርስ ረዳት ሆኖ ሰው ማገላበጥ ብክነት አይደለም። ለወላጅ ማስረዳቱ ነው የሚከብደው። «ልጅሽ ዘንድሮስ?» ለሚለው የለቅሶ ቤት ጥያቄ መልስ ማዘጋጀት ነው፣ ሌላው ቀላል ነው።

ስለ ፕሮፌሰሮች

እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው። «ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ፕሮፌሰሮቹን ይወቋቸው» ብለዋል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ከሁለት የሳይንስ መምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋሉ። የኛ ልጆች ደግሞ መምህር ቢሮ መግባት ይፈራሉ፣ ማስቸገር ይመስለናል፣ ያደግንበት ይሉኝታ ነው። ኦፊስ ሀወር የተባለው ሰዓት ለዚሁ የተመደበ ነው፣ ባዶ ወንበር ነው የሚጠብቃችሁ። ግን ጸሐፊው ሆይ፣ ይሄ ምክርዎ ከሌላው ምክርዎ ጋር ይጣላል። 300 ተማሪ ባለበት አዳራሽ ውስጥ ሦስት ሳይንስ ይዛ፣ ጠዋት ሥራ ላይ የዋለች ልጅ በየትኛው ሰዓት ነው ቢሮ የምትገባው? እኔ ምርጡን ደብዳቤ ያገኘሁት 20 ምናምን ልጅ ብቻ ከነበረበት የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክላስ ነው። መምህሯ ስሜን ብቻ ሳይሆን የፓርኪንግ ፈረቃዬን ታውቅ ነበር፣ ደብዳቤው ውስጥ ጽፋዋለች።

ለእናቴ ይሄን ሁሉ በስልክ ነግሬያታለሁ። አዳምጣ ስታበቃ «እሺ፣ እና ያኛውን ጽሑፍ የላክሁላቸው ሰዎች ምን ልበላቸው?» አለችኝ። ስንት ናቸው ብላት «ሦስት ግሩፕ» አለች። ይሄን ላኪላቸው አልኳት።

የአክስቴ ልጅ ኮርስ የመቀየሪያው ቀን የሚያልቀው ዓርብ ነው። ትናንት ማታ ፊዚክሱን ድሮፕ አድርጋለች፣ 15 ክሬዲት ላይ ወርዳለች። ባዮሎጂውን ወደ ጸደይ አዛውረሽ በሱ ፈንታ ሶሲዮሎጂ ያዢ እያልኳት ነው። «ያለ ባዮሎጂ ፕሪሜድ ነኝ ብዬ ለእማዬ እንዴት እነግራታለሁ?» ትላለች። እስካሁን እየተከራከርን ነው።